ሶፋ ከማዘዛችሁ በፊት፦ የቪአር መነጽር ወይስ የስልክ ካሜራ?

አሜሪካ ያሉ ጓደኞቼ አፓርታማ በቀየሩ ቁጥር ይጠይቁኛል። «ሶፋውን ሳላዝ ቤቴ ውስጥ ማየት እፈልጋለሁ፤ የቪአር መነጽር ልግዛ?» ቪአር ዓይን ላይ ተደርጎ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም የሚያሳይ መነጽር ነው። ለዚህ ብቻ ከሆነ አትግዙ። የያዛችሁት ስልክ ይበቃል።

ሂሳቡን እንየው። የሜታ ኩባንያ መነጽር ኩዌስት 3ኤስ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ መነሻ ዋጋው 299 ዶላር ነበር። ኩዌስት 3 በ2023 በ499 ወጣ። የአፕል መነጽር ቪዥን ፕሮ በ2024 ሲወጣ መነሻ ዋጋው 3,499 ዶላር ነበር፤ በዚህ ብር ሳሎኑ ራሱ ይሟላል! ታክስ አልጨመርኩም። የዓይን መነጽር ለምታደርጉ ደግሞ በልካችሁ የሚሠራው ሌንስ ሌላ ወጪ ነው። በስልክ ግን ነፃ ነው። የቤት እቃ ሻጩ ኢኬያም አማዞንም እቃን በካሜራ ቤታችሁ ውስጥ በልኩ ማሳየት የጀመሩት በ2017 ነው።

የቻይናው የኢንተርኔት ገበያ አሊባባ በ2016 ደንበኞቹን በቪአር ሱቅ ውስጥ አዙሯል። ደስ ይላል፤ ግን የምታዩት የሱቁን ክፍል ነው። ሶፋው የእናንተ ጥግ ላይ ይገጥም እንደሆነ አይነግራችሁም። አዳዲሶቹ መነጽሮች ክፍላችሁን በካሜራ ቢያሳዩም፣ ሱቆች እቃቸውን በብዛት ያዘጋጁት ለስልክ ነው።

ስልክ የሚገባባቸውን ርካሽ የፕላስቲክ ሳጥኖች «ቪአር» ብለው ሲሸጡላችሁ እለፏቸው። ብዙ ርካሽ ስልኮች ጋይሮስኮፕ (የስልኩን መዞር የሚለይ መሣሪያ) የላቸውም። ጭንቅላታችሁን ስታዞሩ ምስሉ ንቅንቅ አይልም። ሌንሱም ደብዛዛ ነው፤ ራስ ያዞራል። ጎግል እንኳ ስልክ የሚገባበትን የራሱን የካርቶን መነጽር መሸጥ በ2021 አቁሟል።

ያገለገለ ኩዌስት በርካሽ አገኘሁ የምትሉ፣ ሳትከፍሉ አብሩት። ነጭ ገጽ ክፈቱና ስክሪኑን አጥኑት። መነጽሩ መስኮት አጠገብ ከተቀመጠ ፀሐይ በሌንሱ ገብታ ስክሪኑን ታቃጥለዋለች። ነጠብጣቡ አይለቅም፣ የጥገና ሱቆችም አይደፍሩትም። አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ያለውን ገዝቶ ሻጩ ስልክ ማንሳት አቆመ። ሻጩ መነጽሩን ከራሱ አካውንት ማውጣቱንም ፊት ለፊታችሁ አረጋግጡ።

ለጨዋታና ለስፖርት ጭምር ከሆነ ኩዌስት 3ኤስ ይበቃችኋል።

በስልክ ስታዩ መብራቱን አብሩ፤ በጨለማ ካሜራው ወለሉን አይለይም። አይፎን ከ6ኤስ ጀምሮ ይሠራል። አንድሮይድ ከሆነ ኤአርኮርን (እቃን በካሜራ ክፍላችሁ ውስጥ ለማሳየት የሚያስችለውን የጎግል ሶፍትዌር) መደገፉን እዩ። በርና ደረጃውን ግን በሜትር ለኩ። ሳሎን ውስጥ ልክክ ያለው ሶፋ በበሩ አልገባ ሊል ይችላል፤ የመመለሻውን ማጓጓዣ የምትከፍሉትም ብዙ ጊዜ እናንተው ናችሁ።