ዊስፐር በጎጃም አማርኛ፦ ለመምህራን ቃለ መጠይቅ ምን ያህል ያስኬዳል?

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ስለ መምህራን የሥራ ቁርጠኝነት የሚያጠና ሰው መጠይቅ መበተኑ ብዙም አይከብደውም። ወገብ የሚያጎብጠው ቃለ መጠይቁን ከድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጡ ነው፤ የአንድ ሰዓት ቅጂ ለለመደ ጆሮም ግማሽ ቀን ይበላል። የቻትጂፒቲ ሠሪ ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በ2022 በነፃ የለቀቀው፣ ንግግርን ሰምቶ የሚጽፈው ዊስፐር የተባለ ፕሮግራም ይህን ሸክም ያቀልላል ወይ? እንደወረደ ከተጠቀሙበት አያቀልልም። አሠራሩን አውቀው ካዘጋጁት ግን ረቂቅ ያወጣል፤ ከረቂቅ በላይ መጠበቅ ለጥናቱ አደጋ ነው።

መጀመሪያ ሊመሰገንበት የሚገባውን እንናገር። አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት በራስ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። መምህሩ የትምህርት ክፍል ኃላፊውን ስም ጠርቶ ያማረረበት ድምፅ ወደ ማንም ሰርቨር አይሄድም፤ ምስጢር እንጠብቃለን ብለው ፈቃድ ላስፈረሙ አጥኚዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዊስፐር በተለያየ መጠን ይመጣል፤ ስሞል የተባለው ሞዴል 2 ጊጋባይት ገደማ፣ ሚዲየም 5፣ ላርጅ ደግሞ 10 ጊጋባይት ገደማ የግራፊክስ ካርድ ሜሞሪ ይፈልጋሉ። ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ያለው ሰው ፋስተር-ዊስፐር የተባለውን ፈጣን ዝርያ፣ ሜሞሪ በሚቆጥበው የ8 ቢት አሠራር ቢያስኬድ ይሻለዋል።

አማርኛው ላይ ግን ደካማ ነው። ሞዴሉ የሠለጠነበት 680,000 ሰዓት ድምፅ አብዛኛው እንግሊዝኛ ሲሆን የአማርኛው ድርሻ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሠሪዎቹ ራሳቸው ፍለርስ በተባለው መፈተኛ ላይ ለአማርኛ ያወጡት የቃል ስህተት መጠን ከ100 በመቶ በላይ ነው። ይህ የሚሆነው ማሽኑ ያልተነገሩ ቃላትን ጨምሮ ስለሚጽፍ ነው። ልብ በሉ፤ ፍለርስ የተነበበ ጽሑፍ ነው። ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚወራ ወሬ ከዚያ ይከብዳል።

ሌላው እንከን ከውስጥ አሠራሩ ይመነጫል፤ ብዙ ሰውም አያስተውለውም። ዊስፐር ድምፁን በ30 ሰከንድ እየከፈለ ያዳምጣል፤ በመደበኛው አሠራሩ ለአንድ ክፋይ የሚጽፈው ከ224 ቶከን (ሞዴሉ ጽሑፍን የሚከፋፍልበት ቁራጭ) አይበልጥም። ለእንግሊዝኛ ይህ ይተርፋል። የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የኮምፒውተር ፊደል አቀማመጥ 3 ባይት ስለሚይዝ ብዙውን ጊዜ አንዱ ፊደል ብቻውን ሁለት ሦስት ቶከን ይወስዳል። 224 ቶከን እንግዲህ መቶ ፊደል ገደማ ቢያጽፍ ነው፤ በ30 ሰከንድ ደግሞ ሰው ከዚያ በላይ ይናገራል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ይጎመዳል። መፍትሔው ቅጂውን ተናጋሪው ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ እየቆረጡ ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ማድረግ ነው። ቋንቋውን ራሱ እንዲገምት አይተዉት፤ አማርኛ ብለው ይወስኑለት። ያለፈውን ጽሑፍ እየተከተለ እንዲጽፍ የሚያደርገውን አማራጭ ያጥፉ፤ አለዚያ አንዱን ሐረግ ይዞ ደጋግሞ ሊጽፍ ይችላል። ዝምታውንም በድምፅ ማጣሪያ ያስወግዱ፤ ማንም ሳይናገር ቃል የሚፈጥረው እዚያ ላይ ነውና።

ወደ ጎጃም አነጋገር እንምጣ። ለአማርኛ የንግግር ማወቂያ ለረጅም ጊዜ መነሻ የሆነው የ20 ሰዓት ስብስብ ከ100 አንባቢዎች የተቀዳ ቢሆንም አብዛኞቹ የአዲስ አበባን አማርኛ የሚናገሩ ናቸው። የጎጃም፣ የጎንደር፣ የወሎና የሸዋ ዘዬዎችን ያካተተ የድምፅ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቷል፤ ግን የተዘጋጀው ስሜትን ለመለየት ሲሆን ናሙናዎቹም ከ2 እስከ 4 ሰከንድ ብቻ ናቸው። ጎጃሜው «እሽ» ሲል ማሽኑ «እሺ»፣ «አንች» ሲል «አንቺ» ብሎ ቢጽፍ አይገርምም፤ በብዛት የተማረውን የጽሑፍ መልክ ያስበልጣል። የቁርጠኝነት አጥኚው በዚህ ምንም አይጎዳም። ቅላፄ ለሚያጠናው ግን መረጃው ራሱ ጠፋ ማለት ነው፤ ለእሱ ዊስፐርን በፍጹም አልመክርም።

የቁርጠኝነት አጥኚውን የሚጎዳው ሌላ ነው። የሥራ ቁርጠኝነት ተመራማሪዎቹ ሜየርና አለን ቁርጠኝነትን በሦስት ይከፍሉታል፦ ተቋሙን ወዶ መቆየት፣ መልቀቅ ስለሚያከስር መቆየት፣ መቆየት ይገባኛል ብሎ መቆየት። ቃለ መጠይቁ ውስጥ ይህ ልዩነት የሚያርፈው በአንዲት ድምፅ ላይ ነው። «ብለቅ ይቆጨኛል» እና «ባልለቅ ይቆጨኛል» የተቃረኑ መምህራን ናቸው። ፈጠን ተብሎ ሲነገር «ባልለቅ» ውስጥ ያለው አሉታ ከሚቀጥለው «ለ» ጋር ተጣብቆ ይጠብቃል፤ ማሽኑ ያቺን አሉታ ከሳታት መልሱ ይገለበጣል። «አለ» ደግሞ በጽሑፍ አንድ ዓይነት ነው፤ ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው፤ የሚለየው ድምፁን በመስማት ነው። ስለዚህ ረቂቁ እንደወጣ «ባል»፣ «አል»፣ «አይ» እና «ም» ያለባቸውን ግሶች ፈልጎ፣ እነዚህ ቀርተውባቸው ሊሆን የሚችሉትንም ጨምሮ፣ ድምፁን መልሶ መስማት ግድ ነው። ይህን ሳይሠሩ ወደ ትንተና የገባ ሰው ሥራውን ባይጀምረው ይሻል ነበር።

እንደ «ወርክሎድ» እና «ፕሮሞሽን» ያሉ ቃላት መምህራን አፍ ላይ የተለመዱ ናቸው። እዚህ ላይ ማሽኑ ድንገት በላቲን ፊደል ሊጽፍ ወይም የአማርኛ የሚመስል ትርጉም የለሽ ቃል ሊያወጣ ይችላል፤ የጥናቱን ቃላት ዝርዝር አጠገብ አድርጎ ማረም ይቀላል።

ቀረጻው ላይ መቆጠብ አያዋጣም። ደረት ላይ የሚሰካ ማይክ ይጠቀሙ፤ በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይቅረጹ፤ ዝናቡ የሚሸፍነውን ድምፅ ማንም ሞዴል አይመልሰውም። ፋይሉን ባለ 16 ኪሎኸርዝ ሞኖ ዌቭ ያድርጉት፤ አንድ ሰዓቱ 115 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል።

አማራጭ ለሚፈልግ የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ያወጣው ኤምኤምኤስ የተባለ የንግግር ማወቂያ ሞዴል አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሲሆን ከ1,100 በላይ ቋንቋዎችን ይዟል፤ አማርኛም አንዱ ነው። የሰማውን ድምፅ ተከትሎ ፊደል በፊደል ስለሚጽፍ እንደ ዊስፐር ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይፈጥርም፤ ሥርዓተ ነጥብ ግን የለውም። የሠለጠነበት ድምፅ በብዛት የአዲስ ኪዳን ንባብ በመሆኑ ፈጣን ወሬ ያስቸግረዋል። ፈቃዱ ለንግድ አይሆንም፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል። ለመምህራን ቃለ መጠይቅ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ኤምኤምኤስን አስቀድማለሁ።

ሁለቱንም ለማወዳደር ከራስ ቅጂ አሥር ደቂቃ በእጅ ይገልብጡ። ከዚያ ሀ፣ ሐ፣ ኀን፤ ሰና ሠን፤ አና ዐን፤ ጸና ፀን ወደ አንድ አምጥተው የፊደል ስህተቱን ያስሉ። በቃል ብቻ ከለኩ «አልተቀበሉኝም» ላይ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ሙሉ ቃሉ እንደ ስህተት ይቆጠራል። ከአምስት ፊደል አንዱ የሚሳሳት ከሆነ ረቂቁን ማረም ከዜሮ ከመጻፍ አይፈጥንም፤ ያኔ ጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ መተየብ ነው።