ኤች ኦ ወይስ ኤን? ለቡ ላይ የሚሠሩ ሁለት ትንንሽ ባቡሮች

ጎረቤቴና እኔ ለቡ ውስጥ የየራሳችንን የባቡር ሞዴል እየሠራን ነው። እሁድ ከቡና በኋላ የደረስንበትን እንተያያለን። የእኔ ኤች ኦ የሚባለው መጠን ነው፤ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል፣ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። የእሱ ኤን የሚባለው መጠን 160 ጊዜ ያንሳል፣ ሐዲዱም 9 ሚሊ ሜትር ነው።

ቦታ በመቆጠብ ይበልጠኛል። 20 ሜትር የሚረዝም ፉርጎ በእኔ 23 ሴንቲ ሜትር፣ በእሱ 12.5 ብቻ ይሆናል። አንድ ኮምፔንሳቶ ላይ ጣቢያና ኮረብታ አስገብቷል፤ የእኔ ኩርባ ግን የሰርቪስ ቤቱን በር አላስከፍት ብሏል።

በአቧራ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። ሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሐዲዱ በመንኮራኩሩ በኩል ነው። በበጋ ከኮረኮንቹ የሚነሳው አቧራ መሃል ሲገባ ቀላሉ የኤን ሎኮሞቲቭ ይንገዳገዳል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል፤ ጎረቤቴም በጣቱ ገፋ ያደርገዋል (ይህንን ሳየው እንደምደሰት አልክድም)። የእኔን ክብደቱ ያግዘዋል። አልኮል የነካ ጨርቅ ግን ከሁለታችንም እጅ አይለይም።

ለዝርዝር ሥራ ኤች ኦን የሚያህል የለም። ባሕር ዛፎቼን ከመጥረጊያ ስንጥር ሠርቻቸዋለሁ፤ በኤን መጠን ይህ ዓይን ማጥፋት ነው።

የለገሃሩን አሮጌ ባቡር ለሚመኝ ሰው ኤች ኦ ይሻለዋል፤ የዚያ መስመር ስፋት 1 ሜትር ስለነበር በዚሁ መጠን ከእኔው የጠበበ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይስማማዋል። በእኛ ሰፈር በኩል የሚያልፈውን አዲሱን ባለ 1,435 ሚሊ ሜትር መስመር፣ ረጅም የጭነት ባቡሩን ጭምር ለሚፈልግ ግን፣ ቅር እያለኝም ቢሆን፣ ኤን እላለሁ።