በኪት የሠራኋት 5 ዋት የቲዩብ አምፕ ከወራት በኋላ፦ ካፓሲተር ስቀይር ምን ተለወጠ?

ኪቷ የፌንደር ቻምፕ 5ኤፍ1 የሚባለው የጊታር አምፕ ቅጂ ናት፣ የ1950ዎቹ ሰርኪዩት። አንድ 12ኤኤክስ7 (የመጀመሪያው ማጉያ ቲዩብ)፣ አንድ 6ቪ6 (ስፒከሩን የምትነዳው የኃይል ቲዩብ)፣ አንድ 5ዋይ3 (ኤሲን ወደ ዲሲ የምትቀይር ሬክቲፋየር ቲዩብ)፣ ባለ 8 ኢንች ስፒከር፣ አንድ ቮሊዩም፣ አለቀ። ቤዝና ትሬብል የሚባል ነገር የላትም። ስለዚህ አምፗ ውስጥ ቶን መቀየር ከፈለጋችሁ የምትሄዱት ወደ ካፓሲተሩ ነው። እኔም እየተጫወትኩባት አንድ በአንድ ስቀያይር ከረምኩ።

መጀመሪያ ሰው በከንቱ የሚጨነቅበትን ላንሳ። የድሮው የሰርኪዩት ስዕል 0.02 ማይክሮፋራድ ይላል፣ ሱቅ ያለው 0.022 ነው። 25 ይላል፣ ያለው 22 ነው። 8 ይላል፣ ያለው 10 ነው። እንቅልፍ አይንሳችሁ። የዚያን ዘመን ኤሌክትሮላይቲክ ራሱ ከተጻፈበት ቁጥር በብዙ ፐርሰንት ከፍና ዝቅ ይል ነበር።

ቮልቴጁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መጨመር ይቻላል፣ መቀነስ አይቻልም። መርካቶ ብትዞሩ በቀላሉ የምታገኙት ለቲቪና ለፓወር ሰፕላይ ጥገና የሚሆነውን 400 ቮልት ነው፤ ዋጋውም ደስ ይላል። ለፊልተር፣ ማለትም ከሬክቲፋየሯ የሚወጣውን ዲሲ ለሚያለሰልሱት ካፓሲተሮች፣ አትግዙት። 5ዋይ3 ቶሎ ትሞቃለች፣ 6ቪ6 ቀስ ትላለች፣ በመሃል ባሉት ሰከንዶች ኮረንት የሚስብ ስለሌለ ቮልቴጁ እኔ ጋ ከ430 በላይ ይወጣና ነው ወደ 350 የሚወርደው። መስመሩ ከ220 ወደ 240 ከፍ ያለ ቀን ደግሞ ሁሉም አብሮ ይወጣል። ፊልተሮቼ በሙሉ 500 ቮልት ናቸው። ሶኬት ከተነቀለም በኋላ ቻርጅ ስለሚይዙ በሬዚስተር ሳታራግፉ፣ በቴስተርም ሳታረጋግጡ እጃችሁን አታስገቡ።

ዝዝ ወደሚለው ድምፅ እንምጣ። ሰርኪዩቱ የተሠራው 60 ኸርዝ ላለበት አገር ነው፣ እኛ ጋ 50 ነው። ስለዚህ ስዕሉ ላይ ባለው 16 ማይክሮፋራድ የመጀመሪያ ፊልተር ሪፕሉ (ዲሲው ላይ የሚቀረው መዋዠቅ) 20 ፐርሰንት ገደማ ይጨምራል። 6ቪ6 ብቻዋን ስለሆነች ደግሞ እንደ ፑሽፑል አምፕ (ሁለት የኃይል ቲዩቦች በተቃራኒ እየተፈራረቁ የሚሠሩበት) ዝዝታውን የሚያጣፋላት ጓደኛ የላትም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ፊልተር 47 ወይም 100 ያደርገዋል። ተው! 5ዋይ3 ቲዩብ ናት፣ ትልቅ ካፓሲተር ከፊቷ ከተቀመጠ በእያንዳንዱ ዙር የምትገፋው ኮረንት ከአቅሟ በላይ ይሆናል። እኔ 22 ላይ ቆምኩ፣ የ50 ኸርዙን ጉድለት ያካክሳል። ዝዝታው ከምር የቀነሰው ግን ሁለተኛውን 8 በ47 ስተካ ነው። 6ቪ6 በፕሌቷ (ድምፁ በሚወጣበት እግሯ) ከሚመጣው ሪፕል ይልቅ በስክሪኗ (ኮረንቷን በሚያግዘው ሌላው እግሯ) የሚመጣውን ታጎላለች፣ ስክሪኗ ደግሞ ከሁለተኛው ነው የምትመገበው። መሃል ላይ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ስላለ ያ 47 ሬክቲፋየሯን አይጫናትም። አሁን ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ካልለጠፍኩ አይሰማኝም።

ከፕሊንግ ካፓሲተሮቹ፣ ማለትም ዲሲውን አግደው ድምፁን ወደ ቀጣዩ ደረጃ የሚያሳልፉት፣ ሁለት ናቸው። ሁለቱም 0.022 ቢሆኑም ሥራቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ከ1 ሜጋ ኦሙ ቮሊዩም ጋር ስለሆነ ቤዝ መቁረጥ የሚጀምረው 7 ኸርዝ አካባቢ ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ ነው፤ በተግባር ምንም አይቆርጥም ማለት ነው። 0.01 ብታደርጉትም ያው ነው፣ ልዩነቱን ሰማሁ የሚል ሰው ካለ እጠራጠራለሁ። 0.0022 ሲሆን ግን ወደ 72 ኸርዝ ይደርሳል፣ ያኔ ትንሿ ስፒከር ትተነፍሳለች። ቮሊዩሙን ከግማሽ በላይ ከፍቼ ትዝታ በወፍራሞቹ ክሮች ስጫወት በፊት ኖታዎቹ «ብፍ» እያሉ ይደበላለቁ ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ ለብቻው ይወጣል።

ሁለተኛው ወደ 6ቪ6 የሚገባው ነው፣ ከ220 ኪሎ ኦም ጋር። እሱን 0.01 አደረግኩት። በቀስታ ስጫወት ለውጡ ኢምንት ነው፣ ከስፒከሩ የሚመለሰው ፊድባክ የተቆረጠውን ቤዝ ይደጉመዋል። ጠንከር አድርጌ ስመታ ግን ቲዩቧ ከመታፈን ቶሎ ትመለሳለች። 0.1 ስሞክር ተቃራኒው ነው የሆነው፤ ኃይለኛ ኮርድ ከመታሁ በኋላ ድምፁ ለቅጽበት ታፍኖ ቆይቶ ነው የሚመለሰው። በጭራሽ አልመክርም።

ፊልም ካፓሲተር ያጣሁ ጊዜ ሴራሚክ ዲስክ አስገብቼ ነበር። አምፗ በርታ፣ አንድ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ በረጅም ደረቅ እንጨት ጫፍ ነካ ሳደርገው ስፒከሩ «ቶክ» ይላል። ማይክሮፎን ሆኖ ቁጭ! በፊልም ቀየርኩት፣ ጠፋ። ውዱንና ርካሹን ፊልም ግን በጆሮዬ መለየት አልቻልኩም፤ 630 ቮልት ከሆነ ይበቃኛል።

ስዕሉ ላይ የሌለ አንድ ነገርም ጨምሬያለሁ። የ12ኤኤክስ7 የመጀመሪያው ካቶድ (ኮረንቱ ወደ ቲዩቧ የሚገባበት እግር) 1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ብቻ ነው ያለው፣ ባይፓስ፣ ማለትም ከሬዚስተሩ ጎን የሚገባ ካፓሲተር፣ የለውም። 25 ማይክሮፋራድ ብታስገቡ የዚያ ደረጃ ጌይን (የማጉላት አቅም) ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ቤዙም አብሮ ያብጣል፣ ለ8 ኢንች ይበዛል። 1 ማይክሮፋራድ አደረግኩና በስዊች አገናኘሁት። መሃሉና ላዩ ይጎላል፣ የወፍራሙ ክር ቤዝ ያን ያህል አይከተልም። ለብቻዬ ስጫወት አጠፋዋለሁ፣ ከበሮ ካለ አበራዋለሁ።

በቅርቡ ሻሲውን ስከፍት የ6ቪ6 ካቶድ ላይ ያለው 25 ማይክሮፋራድ፣ 25 ቮልት ካፓሲተር ዓይኔ ገባ። የኪቱ መመሪያ ከ470 ኦሙ ሬዚስተር ጋር አጣብቆ ነው የሚያስቀምጠው። በሬዚስተሩ በኩል ያለው የፕላስቲክ ሽፋኑ ተጨማድዶ አልሙኒየሙ ብቅ ብሏል። ያ ሬዚስተር ወደ 1 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያወጣል፤ ካቶዱ ላይ 20 ቮልት አካባቢ ስላለም 25 ቮልት ጠባብ ነው። በ22 ማይክሮፋራድ፣ 50 ቮልት፣ 105 ዲግሪ ቀይሬ አራቅ አድርጌ በየድኩት። ድምፁ ያው ነው። በዚያው የ6ቪ6 ግሪድ (ድምፁ የሚገባበት እግር) ላይ ያለውን ዲሲ ለካሁ፣ ዜሮ። እዚያ ጥቂት ቮልት ካነበባችሁ ከፕሊንጉ እያሳለፈ ነውና ቲዩቧ ሳትቀላ ቀይሩት።

ከዚህ በኋላ ካፓሲተር አልነካም፣ የቀረው ጉድለት የስፒከሩ ነው። የሚቀጥለው ብር ለ10 ኢንች ነው፤ ካቢኔቱን የሚሠራልኝ አናጺ ከተገኘ።