ቧንቧ ውሃ ሰፈር ላለችው ፋርማሲስታችን

የደሴና የአካባቢዋ ሰዎች፣ ቤታችሁ የካንሰር ታማሚ ካለ ይቺን አንብቡልኝ።

አባባ የጉሮሮ ካንሰር እንዳለባቸው ከተነገረን ወዲህ መላ የማይመታ ዘመድ የለም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሻጭ «ጤነኛውን ሳይነካ ካንሰሩን ብቻ የሚገድል ቀይ ብርሃን» እያለ የእጅ ባትሪ የመሰለ ዕቃ አሳየን። ታላቅ ወንድሜ ጊደር ሽጦ ገንዘቡን ይዞ ከወረኢሉ መጣ። የአባባን ማስታገሻ ልንገዛ ቧንቧ ውሃ ያለችው ትንሿ ፋርማሲ ስንገባ ነገሩን ለፋርማሲስቷ አነሳንላት።

አልሳቀችብንም። ወረፋውን ጨረሰችና የመድኃኒት ፖስታ ገልብጣ በእስክሪብቶ መሳል ጀመረች። አንድ ክብ፣ ዙሪያውን ጉጥ ጉጥ። ክቡ የካንሰር ሴል ነው፤ ጉጡ ኢጂኤፍአር የሚሉት ፕሮቲን፣ የራስና የአንገት ካንሰር ላይ የሚበዛው። እሱን ፈልጎ የሚይዝ አንቲቦዲ የሚባል ሌላ ፕሮቲን አለ፤ ብርሃን የሚቀሰቅሰው ቀለም ይለጠፍበታል። በደም ሥር ተሰጥቶ አንድ ቀን ያህል ይጠበቃል፤ ከዚያ የሞገድ ርዝመቱ 690 ናኖ ሜትር የሆነ ቀይ የሌዘር ብርሃን ዕጢው ላይ ይበራል። የሴሉ ሽፋን ይበሳል፣ ውሃ ይገባበታል፣ ወዲያው ይፈነዳል።

«ወሬው እውነት ነው ጋሼ፣ ዕቃው ነው ውሸቱ» አለችው ወንድሜን። «መድኃኒቱ ሳይኖር መብራቱ ጭድ የሌለው ክብሪት ነው።»

ይህን የሕክምና መንገድ የቀየሱት በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የሚሠሩት ሂሳታካ ኮባያሺና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ጥናታቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ጃፓን በ2020 ፈቀደችው፤ ያውም በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ለማይችል ወይም ላገረሸ የራስና የአንገት ካንሰር። ብርሃኑ ሥጋ ውስጥ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም ስለማያልፍ ለጠለቀ ዕጢ ብርሃኑን የሚያደርስ ቀጭን ፋይበር በመርፌ ይገባል። ታማሚውም ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ከፀሐይ ይሸሸጋል። ይሄ ሁሉ በእጅ ባትሪ!

የሪፈር ወረቀቱንም ተቀብላ አነበበችልን። የጥቁር አንበሳው ጨረር ከዚህ ብርሃን ጋር እንደማይገናኝ፣ ቀጠሮው በምንም ምክንያት እንዳያልፈን አስጠነቀቀችን። «አብሽሩ፣ የጊደሩ ብር ለአዲስ አበባው መንገድ ይሆናል» ብላ ሸኘችን። ለዚህ ሁሉ ያስከፈለችን የማስታገሻውን ዋጋ ብቻ ነው። ጀዛኪላህ ኸይር እህቴ፤ ዕድሜ ይስጥሽ።

ስሟን ያልጻፍኩት ስላላስፈቀድኳት ነው። ቧንቧ ውሃ ወርዳችሁ «የምታስረዳዋ ልጅ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሰፈሩ ያውቃታል። ቤቷ ጠባብ ናት፣ መቀመጫም የላትም። ስለዚህ ታማሚውን ሳታንገላቱ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ወረፋው ይቀላል።