ኖርማል ወይስ ቲ? ናሙና ሲያንስ የቱን እንያዝ
ኖርማልና ቲ፣ እሴቶች በአማካይ ዙሪያ እንዴት እንደሚበተኑ የሚያሳዩ የስታቲስቲክስ ስርጭቶች ናቸው። ሁለቱም የደወል ቅርጽ አላቸው፤ ግራና ቀኛቸውም እኩል ነው። ኖርማሉን ለመሳል አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (እሴቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካ ቁጥር) ብቻ ይበቃሉ። ከአማካዩ በአንድ ዴቪዬሽን ርቀት ውስጥ 68 በመቶ፣ በሁለት 95 በመቶ፣ በሦስት 99.7 በመቶ ያህሉ ይገኛል።

ችግሩ፣ እውነተኛውን ዴቪዬሽን ብዙ ጊዜ አናውቀውም። ከአምስት ናሙና ስንገምተው ግምቱ ራሱ ይዋዥቃል። በደብሊኑ የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊልያም ጎሴት መፍትሔውን፣ የቲ ስርጭትን፣ በ1908 እ.ኤ.አ. “ስቱደንት” በሚል የብዕር ስም አሳተመ። የቲ ስርጭት ጫፎቹ ወፈር ይላሉ፤ ማለትም ከአማካዩ ለራቁ እሴቶች የበለጠ ዕድል ይሰጣል። ለ95 በመቶ እርግጠኝነት የአማካዩን ግምት የስህተት ልክ በስንት እናባዛ ሲባል ኖርማሉ 1.96 ሲል፣ ቲ በአምስት ናሙና 2.776 ይላል። ይሄ ቀላል ልዩነት አይደለም! ዴቪዬሽኑ ከናሙናው ከተሰላ እኔ ሁሌም ቲን እመርጣለሁ፤ ናሙናው ሲበዛ ሁለቱ ስለሚቀራረቡ የሚቀርብኝ ነገር የለም።