«የናፍጣ መኪናዎን ጉልበት እንጨምርልዎ» ለሚሉ ሰዎች ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት

በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ቱርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያላቸውን የናፍጣ መኪኖች፣ በተለይም ፒክአፖችን፣ «ኮምፒውተሩን አስተካክለን ጉልበቱን 30 በመቶ እንጨምራለን፤ ናፍጣም ይቆጥባል» እያሉ ከባለንብረቶች ጠቀም ያለ ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች ስላሉ፣ ገና ላልከፈላችሁ ይህን መጻፍ አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሥራው በራሱ ማጭበርበር አይደለም። የሞተሩ ኮምፒውተር ምን ያህል ናፍጣ መቼ እንደሚረጭና ቱርቦው አየሩን በምን ያህል ግፊት እንደሚያስገባ የሚወስን ፕሮግራም አለው፤ ፋብሪካው ለጥንቃቄ ሲል የተወሰነ አቅም ሳይጠቀምበት ስለሚተው፣ ይህን ፕሮግራም በዕውቀት ማሻሻል የሚታይ ለውጥ ያመጣል። ችግሩ ያለው እኛ በምንኖርበት ከፍታ ላይ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ በደብረ ማርቆስ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። በዚህ ስስ አየር ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለመስጠት ይበልጥ ፈጥኖ መሽከርከር ስላለበት፣ ብዙ ዘመናዊ መኪኖች የውጭውን አየር ግፊት እየለኩ በደጋ ላይ የቱርቦውን ሥራና የናፍጣውን መጠን ይቀንሳሉ። ለሌላ አገር የተዘጋጀ ፋይል ከኢንተርኔት አውርዶ የሚጭን ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ይህንኑ መከላከያ ነው። ናፍጣው ይጨመራል፤ የሚያቃጥለው አየር ግን የለም። ትርፉ ጥቁር ጭስ፣ ከልክ ያለፈ ሙቀትና ፍሪሲዮን መብላት ሲሆን፣ ሲብስም የፒስቶን መሰንጠቅ ይከተላል። ጭነት ይዞ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ያለ ዕረፍት ሽቅብ ስለሚጓዝ፣ ይህን ሁሉ በአንድ ዳገት ይቀምሰዋል።

አንድ የቡሬ ነጋዴ ፒክአፕ ቱርቦው ሲፈታ ጋራዥ ውስጥ ቆሜ አይቻለሁ። ዘንጉ በጣት ሲነካ ይወዛወዛል፤ የአየር መተላለፊያው የጎማ ቱቦ በውስጡ ዘይት አቁሯል። ፕሮግራሙን የለወጠው «ባለሙያ» የፋብሪካውን ፕሮግራም ቅጂ አላስቀረም ነበርና፣ መኪናውን ወደ ነበረበት ለመመለስ ሌላ ወጪ ጠየቀ።

ደንበኛን የሚያሳምኑበትን ዘዴም ማወቅ ይጠቅማል። አንዳንዶቹ የሚለውጡት የነዳጅ ፔዳሉን ስሜት ብቻ ነው፤ ፔዳሉ ገና በግማሹ ሲረገጥ ሞተሩ እስከ መጨረሻው እንደተረገጠ ቆጥሮ ይሠራል። በባሕር ዳር ሜዳ አስፋልት ላይ ሲሞከር መኪናው የፈጠነ ይመስላል፤ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ግን የተጨመረ ጉልበት የለም። ናፍጣ ይቆጥባል የሚለውን ከነጭራሹ አልቀበለውም።

ዳገት ላይ የደከመ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ጥገና ነው። በጥርጊያ መንገድ አቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የተሰነጠቀ የቱርቦ ቱቦ ወይም ያረጀ ኢንጀክተር (ናፍጣውን የሚረጨው ዕቃ) ጉልበት ይቀንሳል፤ እነዚህን ሳይፈትሽ ላፕቶፑን ከመሪው ሥር የሚሰካ ሰው ደካማውን ሞተር ይበልጥ ያስጨንቀዋል።

ይህ ሁሉ ተነግሮዎት ማሠራት ከፈለጉ፣ የፋብሪካውን ፕሮግራም ቅጂ በፍላሽ ይረከቡ፤ ምን እንደተለወጠም በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። ቀሪውን ክፍያ የሚፈጽሙት ግን መኪናው ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ፣ ኮምፒውተሩ የጠየቀው የቱርቦ ግፊትና ቱርቦው የሰጠው ግፊት ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሚገናኝ መመርመሪያ ላይ ተቀራርበው ካዩ በኋላ ይሁን። ሠሪው ዳገት ላይ ለመሞከር ፈቃደኛ ካልሆነ ቁልፍዎን ተቀብለው ይሂዱ።