20 ሉህ ፊልም ይዤ ሀገር ቤት ስገባ

ለሦስት ሳምንት ነበር የመጣሁት። ሻንጣዬ ውስጥ አንድ የ150 ሚሊሜትር ሌንስ፣ አምስት ሆልደር (ፊልሙ ካሜራው ውስጥ የሚገባበት መያዣ) እና 20 ሉህ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር። እያንዳንዱ ሉህ 4 በ5 ኢንች ነው። ከተለመደው የ35 ሚሊሜትር ፊልም ጋር ሲተያይ ስፋቱ ወደ 15 እጥፍ ይጠጋል። ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር። አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩበት የአናጢ ቤት ሊዘጋ ነው። ከመዘጋቱ በፊት በትክክል ፎቶ ላነሳው ፈለግኩ።

ካሜራውን አላመጣሁም፤ ይከብዳል፣ ቦታም ይፈጃል። ስለዚህ ካሜራ ተከራየሁ፣ ከፊሉን ፊልም ሰጥቼ አሳጠብኩ፣ ለቀሪው ደግሞ ጨለማ ክፍል በሰዓት ተከራየሁ። የገጠመኝን የምጽፈው እንደ እኔ ከውጭ መጥቶ በትልቅ ፊልም መሥራት ለሚያስብ ሰው ነው።

ኤርፖርቱ ቀላል ሆነልኝ። ፊልም ከአውሮፕላኑ ሆድ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ በፍጹም አይገባም፤ የዚያ መፈተሻ ጨረር ጠንካራ ነው። አሁን አሁን ለእጅ ሻንጣ የሚተከሉት ሲቲ ስካነሮችም ፊልም ያበላሻሉ። ስለዚህ ፈታሿን በእጅ እንድታይልኝ ጠየቅኳት። የሉህ ፊልም ሳጥን ብርሃን ላይ ከተከፈተ አለቀለት። ይህን ለማስረዳት ባዶ ሳጥን ይዤ ነበር። ሦስት ክዳን አንዱ በአንዱ ውስጥ ሲገባ አሳየኋት፤ ወዲያው ገባት።

ካሜራ አከራዩ ጨዋ ሰው ነው። በአንድ ሐዲድ ላይ የሚንሸራተት የድሮ ካሜራ ሰጠኝ። የፊቱንና የኋላውን ክፍል የሚያገናኘውን፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈውን ወናፍ ልፈትሽ ስለው ቅር አላለውም። መብራት አጠፋን። የእጅ ባትሪ ወናፉ ውስጥ አስገብተን ዙሪያውን አየን። ማዕዘኑ ላይ ሁለት የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ታየች። እዚያው በጥቁር ቴፕ ደፈናት፣ ይቅርታም ጠየቀኝ። እንዲህ ዓይነት አከራይ ደስ ይለኛል።

ችግሩ ሌንሱ የሚታሰርበት ሰሌዳ ላይ መጣ። የእኔ ሌንስ ኮፓል 0 በሚባል ሻተር (ለብርሃን የሚከፍትና የሚዘጋ ክፍል) ላይ የተገጠመ ነው፤ የሚፈልገው ቀዳዳ 34.6 ሚሊሜትር ነው። እሱ ጋ የነበረው ሰሌዳ ለኮፓል 1 የተበሳ፣ 41.6 ሚሊሜትር። ሌንሱ ቀዳዳው ውስጥ ይላወሳል እንጂ አይታሰርም። ሌላ ሰሌዳ እስኪገኝ አንድ ቀን ሙሉ ተቃጠለብኝ። ቀጠሮ ስትይዙ የሻተራችሁን ቁጥር በስልክ ንገሩ። እሱም መጠየቅ ነበረበት።

አናጢ ቤቱ ውስጥ ያለው ብርሃን ከአንዲት መስኮት የሚገባው ብቻ ነው። ረጅሙን የሥራ ጠረጴዛ ከቅርብ ጫፉ እስከ ሩቅ ጫፉ ጥርት አድርጌ ማንሳት ፈለግኩ። በዚህ ካሜራ ሌንሱን ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ማድረግ ይበቃል። የፊልሙ፣ የሌንሱና የጠረጴዛው ገጽ ቢቀጠሉ አንድ መስመር ላይ ከተገናኙ ጠረጴዛው በሙሉ ይጠራል። ሕጉ የሚጠራው በኦስትሪያዊው ቴዎዶር ሻይምፍሉግ ስም ነው። የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቤ (ኤፍ 22) ብርሃኑን ስለካው መለኪያው 10 ሰከንድ አለ። የያዝኩት ፊልም፣ ኢልፎርድ ኤፍፒ4 ፕላስ፣ ግን ብርሃኑ ሲደክምና ጊዜው ሲረዝም ይሰንፋል፤ በአምራቹ ቀመር 10 ሰከንዱ 18 ይሆናል። 18 ቆጠርኩ። አጎቴ ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር ገብተው ካሜራው ጀርባ ላይ ያለውን መስታወት አዩና፣ «ቤቴን ገለበጥከው» አሉኝ። እውነት ነው፤ ምስሉ እዚያ ላይ የሚታየው ተገልብጦ ነው።

አሁን ወደ ፊልም ማጠቢያው ልምጣ። ስሙን አልጠራም። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ 6 ሉህ ሰጠኋቸው። ተቀባዩ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ምን ፊልም ነው፣ በምን ይታጠባል፣ የተለየ ሉህ አለ ወይ፣ ምንም። አንደኛው ሉህ ላይ መስኮቱ በጣም ስለሚያበራ ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ውስጥ አጠር ያለ ጊዜ እንዲቆይ ሳጥኑ ላይ በትልቁ ጽፌ ነበር። ያነበበው ሰው የለም። ሁሉም አንድ ላይ፣ በአንድ ጊዜ ታጥቧል።

በሦስተኛው ቀን ሲሰጡኝ አራቱ ሉሆች ላይ ወተት የመሰለ ጭጋግ ነበር። ይህ ፊክሰሩ፣ ማለትም ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል፣ ሲደክም ወይም ጊዜው ሲያጥር የሚመጣ ነው፤ ብርሃን ያላገኘው የብር ጨው ተሟሙቶ አልወጣም ማለት ነው። ሁለቱ ደግሞ ሳህኑ ውስጥ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር። የተጣበቁበት ቦታ ላይ ዴቨሎፐር ስላልደረሰ ባዶ ቀርቷል። አንዱ ላይ ረጅም ጭረት አለ። ስጠይቃቸው «ከፊልሙ ነው» አሉኝ። ከፊልሙ አይደለም። አንደኛው ሉህ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጥርት ያሉ ነጠብጣቦች ግን የእኔ ጥፋት ናቸው። ሆልደሩ ውስጥ የነበረ አቧራ ብርሃኑን ጋርዶ ነው፤ ሲታተም ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

በጣም አዘንኩ። ሉህ ፊልም እንደ ጥቅል ፊልም 36 ዕድል አይሰጥም። እያንዳንዱ ሉህ ለብቻው የታሰበ፣ ለብቻው የተነሳ ነው። የሚያጥበው ሰው ይህን ካላወቀ ማሽኑ ቢያምር ምን ይረባል?

ጨለማ ክፍሉን ያገኘሁት በማግስቱ ነው። የምታስተዳድረው ወጣት ሴት ናት። ገና ስገባ የጥያቄ መዓት አወረደችብኝ። ምን ፊልም? ስንት ሉህ? ከዚህ በፊት ሳህን ውስጥ አጥበህ ታውቃለህ? ጠርሙሶቿ ሁሉ ላይ የተበጠበጡበት ቀን ተጽፏል። ፊክሰሩን ደግሞ ፊቴ ፈተነችው። ያልታጠበ የፊልም ቁራጭ ጣለችበትና ሰዓት ያዘች። ቁራጩ ጥርት እስኪል የወሰደውን ጊዜ ሁለት እጥፍ አድርገህ ፊክስ አድርግ አለችኝ። ጭጋግ የያዙትን አራት ሉሆች አውጥቼ አሳየኋት። «እነዚህ ይድናሉ» አለች። ውሃ ውስጥ አርጥበን ትኩሱ ፊክሰር ውስጥ ከተትናቸው። ጭጋጉ ዓይናችን እያየ ለቀቀ። የተጣበቁትና የተጫረው ግን አልዳኑም።

የቀሩትን 14 ሉሆች ራሴ አጠብኩ። መጀመሪያ ሁለት ብቻ ሞክር ያለችኝ እሷ ናት፤ ትክክል ነበረች። አይዲ-11 የሚባል ዴቨሎፐር አንድ ለአንድ በውሃ ተበጥብጦ፣ 20 ዲግሪ ላይ፣ 11 ደቂቃ። ሉሆቹን በቅድሚያ ተራ በተራ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው፤ እንዳይጣበቁ የሚያደርጋቸው ይህ ነው። በድፍን ጨለማ የታችኛውን እየሳቡ ላይ ማድረግ፣ ደግሞ የታችኛውን። ሉሁን በቁመቱ ይዘህ፣ ጠርዙ ላይ የተቆረጠችው ምልክት በጣት ስትዳሰስ ቀኝ ላይኛው ማዕዘን ላይ ከሆነች ኢመልሽኑ (ብርሃን የሚቀበለው ገጽ) ወደ አንተ ዞሯል። የመስኮቷን ሉህ በሌላ ሆልደርም አንስቻት ስለነበር እሷን ለብቻዋ በ8 ደቂቃ አወጣኋት። የመስኮቱ ፍሬም እስከ ስንጥቁ ድረስ ታየ።

ጨለማ ክፍሉም ጉድለት አለው። አየር ማስወጫው ደካማ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ የፊክሰሩ ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። የማጉያው ኔጋቲቭ መያዣም መስታወት የለውም። መብራቱ ሲያሞቀው ትልቁ ኔጋቲቭ መሐሉ ላይ ያብጣልና ፎከሱ ይሸሻል። መብራቱን ጥቂት አብርቼ ኔጋቲቩ እስኪሞቅ ጠብቄ ፎከሱን እንደገና ማስተካከል ነበረብኝ። መስታወት ያለው መያዣ ቢገዙ ይህ ሁሉ ይቀራል፤ ነግሬያታለሁ።

ያተምኩት 16 በ20 ኢንች፣ ፋይበር ወረቀት ላይ ነው። ከ4 በ5 ኔጋቲቭ ይህ አራት እጥፍ ማጉላት ብቻ ስለሆነ የፊልሙ ቅንጣት አይታይም። የጥቁርና የነጩን ልዩነት የሚወስነውን ማጣሪያ ሁለት ተኩል ላይ ጀምሬ ሦስት ላይ ቆምኩ። «እርጥብ ላይ እያለ አትፍረድ» አለችኝ። ፋይበር ወረቀት ሲደርቅ ይጠቁራል። ትንሽ አነጣሁት፤ በማግስቱ ሲደርቅ ልኩ ላይ አረፈ። ያገለገለውን ፊክሰር ቱቦ ውስጥ አትደፋውም። ብር ስላለበት ለብቻው በጀሪካን ታጠራቅመዋለች።

ከመመለሴ በፊት ፎቶውን ለአጎቴ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ እዚያው በተነሳው ጠረጴዛ ላይ። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ አድርገው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው መሮ ጠቆሙ። «ይሄ ጫፉ ተሸርፏል» አሉ። ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። መሮው እዚያው ተሰቅሏል። አወረዱት፣ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ የሚስሉበትን ድንጋይ አምጣልኝ አሉኝ።